ትራንስክሪፕታችሁን አትቅበሩ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አየር ጤና አካባቢ ባለችው አዳራሻችን የወጣቶች ኅብረት ሊያበቃ ሲል መሪው፣ “የጸሎት ርዕስ ያለው?” ብሎ ይጠይቃል። አንዱ እጁን ያወጣል። “ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር አመልክቻለሁ፤ ጌታ በር እንዲከፍትልኝ ጸልዩልኝ” ይላል። “አሜን!” ብለን እንጸልያለን። ለምን እንደሚዛወርና ቅጹን ምን ብሎ እንደሞላው የሚጠይቀው ሰው የለም።

ወገኖቼ፣ እኔ የምቃወመው ጸሎቱን ሳይሆን በጸሎቱ የምንሸፍነውን ነገር ነው።

ነገሩን በግልጽ ልናገር። አንድ ወንድማችን በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱ ይወርዳል። መጀመሪያ ዋርኒንግ ይደርሰዋል፣ ቀጥሎ ይባረራል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ከከረመ በኋላ የተሻለ ስም ወዳለው ተቋም ያመለክታል። ቅጹ “ከዚህ በፊት በከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተምረሃል ወይ?” ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም “አልተማርኩም” ብሎ ይሞላል። ከዚያ መጥቶ “ጸልዩልኝ” ይለናል።

የምለው አንድ ነገር ነው፦ የተበላሸ ውጤት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ደብቆ መግባት ግን ውሸት ነው። ይህን ውሸት የምናስተምረው ደግሞ እኛው ነን።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔም ተባርሬ የመጣሁ ነኝ። አጠቃላይ ውጤቴ 1.64 ነበር። ለእናቴ መናገር አቅቶኝ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ እወጣ ነበር። ከጦር ኃይሎች በባቡር እስከ አያት እሄዳለሁ፣ በዚያው እመለሳለሁ። በኋላ አንድ ኮሌጅ “አልተማርኩም” ብዬ ገባሁ። ውጤቴ ጥሩ ሆነ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ተሻለ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ሳመለክት ግን የሬጅስትራሩ ሠራተኛ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴን አይታ፣ “በመሃል ያለው አንድ ዓመት ተኩል የት ሄደ?” አለችኝ። “ታምሜ ነበር” አልኳት። ወሬው ወደ ኅብረታችን እንዳይመጣ ፈርቼ ለእነሱም ያንኑ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኅብረቱ ተነሥቶ ስለ ፈውሴ ጌታን አመሰገነ። ያልታመምኩትን በሽታ ስላዳነ እግዚአብሔር ተመሰገነ! ያን ቀን “አሜን” ያልኩበት አፌ እስከ ዛሬ ይመረኛል።

አሁን የሚነሡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ለራሴ እሰጣቸው ነበር።

“ጌታ ይቅር ያለውን እኔ ለምን እጽፋለሁ?” ይቅርታ ምሕረት ነው እንጂ ማጥፊያ ላጲስ አይደለም። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ አገልግሎቱን ጥሎ መመለሱ፣ በእሱም ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ መለያየታቸው በሐዋርያት ሥራ ተጽፎ ቀርቷል። ይኸው ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ መጨረሻ ላይ ያንኑ ሰው ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ጽፎ ያስጠራዋል። የመጀመሪያው መዝገብ አልተፋቀም፤ ከሥሩ ሌላ ተጻፈበት እንጂ።

“ሁሉም የሚያደርገው ነው።” ሁሉም ስላደረገው እኮ ነው አገሪቱ በገዛ ወረቀቷ ላይ እምነት ያጣችው። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ መሰረዙን ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው እስኪፈተኑ ድረስ ደርሰናል።

“ማንንም አልጎዳሁም።” ጎድተሃል፣ ወንድሜ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ አመልካቾቹን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይለያል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የመግቢያ ፈተና አላቸው። ወንበሩ የተቆጠረ ነው። አንተ ዋሽተህ የተቀመጥክበት ወንበር እውነቱን ጽፋ የተመለሰች የአንዲት ልጅ ወንበር ሊሆን ይችላል።

ደግሞስ ውሸቱ የት ድረስ ያደርሳል? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ወደ አሜሪካ ለምታስቡም፣ እዚያ ያሉ ኮሌጆች በተማራችሁበት ተቋም ሁሉ ያገኛችሁትን ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። አንዱን አስቀርታችሁ ከተደረሰባችሁ ከገባችሁ በኋላም ልትሰናበቱ ትችላላችሁ።

ያዕቆብን አስቡት። አባቱ ማንነቱን ሲጠይቀው በወንድሙ ስም መለሰ፤ እጁ ላይም የፍየል ጠጉር ለብሶ ነበር። ይህ የተጭበረበረ ማስረጃ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? በረከቱን አገኘ፤ ግን ሃያ ዓመት በላባ ቤት በስደት ኖረ። በያቦቅ ወንዝ ዳር ስሙን እንደገና ሲጠየቅ የገዛ ስሙን ተናገረ። አዲስ ስም የተሰጠው ያን ጊዜ ነው። ከዚያም የሄደው እያነከሰ ነው።

እኔም ያነከስኩት በዚሁ መንገድ ነው። ወደዚያች የሬጅስትራር ሠራተኛ ተመልሼ እውነቱን ነገርኳት። ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ። ኮሌጄም ቅጹን በትክክል እስክሞላና እስኪወሰን ድረስ አንድ ሴሚስተር አገደኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም ትራንስክሪፕት አያይዤ ሌላ ቦታ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ከወሰድኳቸው ኮርሶች ግማሹን ብቻ ስለያዙልኝ ከእኩዮቼ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀረሁ። ግን ማታ እተኛለሁ።

ስለዚህ ተባርራችሁ የመጣችሁ ሆይ፣ መጀመሪያ የተባረራችሁበትን ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሕግ ጠይቁ፤ እንደገና የመመለስ መብት ኖሯችሁ ሳታውቁት ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕታችሁን ከሬጅስትራር አውጡ። ከማመልከቻው ጋር አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ምን እንደሆነ፣ የእናንተ ጥፋት የቱ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ ግለጹ። መምህሩን አትክሰሱ፤ “ሰይጣን ተዋጋኝ” ብላችሁም አትጻፉ። ለውጡን በውጤት አሳዩ። ሁለት ጥሩ ሴሚስተር ከአሥር ገጽ ልመና ይበልጣል።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለኅብረቱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። እንግዲህ በአዳራሻችን ካሉት መቶ ወጣቶች ስንቱ የወደቀ ውጤት እንደያዘ አስሉት። መድረኩ ላይ ወጥቶ የሚመሰክረው ግን ማን ነው? ያለፈው ብቻ። ለእሱ እልል እንላለን፤ የወደቀው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ከዚያ “ለምን ዋሸ?” ብለን እንደነቃለን!

በሚመጣው ቅዳሜ መሪው “ምስክርነት ያለው?” ሲል ከውጤት የተባረረ አንድ ልጅ ይነሣ። ታሪኩ ገና ባያምርም፣ በሩ ገና ባይከፈትም ይናገር። እኛም “አሜን” ከማለታችን በፊት እንስማው። ሲጨርስ ደግሞ ሰኞ ጠዋት አንዳችን አብረነው ሬጅስትራር ቢሮ እንሂድ።