ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ዘይቱ ይለካ

በአቃቂ በሰቃ ዕቃ ከሚያመላልሱት ፒክአፖች መካከል ዕድሜ የጠገቡት ጥቂት አይደሉም። ለባለንብረቶቻቸው ግን የሥራ ካፒታል ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ማስገባትን አስወድዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫና የሞተር ዘይት በብር ሲሰላ ከብዷል። ስለዚህ «መኪናው ዘይት ይበላል» የሚለው አባባል የጋራዥ ወሬ ብቻ ሳይሆን የሂሳብ ጉዳይም ነው።

የሚያሳዝነው ሂሳቡ አለመሠራቱ ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ሲታይ «ፋሻው አልቋል» ይባላል፤ ባለንብረቱ ተበድሮ ሞተሩን ያስወርዳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በሽያጭ ጊዜም ደላላው በዚያው ጭስ ዋጋ ይሰብራል፤ ሻጩ ወፍራም ዘይት ጨምሮ ለጊዜው ይሸፍነዋል። በእጁ ልኬት የያዘ ግን የለም።

ልኬቱ ቀላል ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ዘይቱ እስከ ላይኛው ምልክት ይሞላል። እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ የተጨመረው ሁሉ በሊትር ይመዘገባል። የቶዮታ መመሪያዎች ለዚህ ርቀት እስከ 1 ሊትር ፍጆታን ይቀበላሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ።

ከሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ የጓርኒሲዮን ወይም የሲል ጉዳይ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ከተደፈነም ዘይት ይገፋል። ጠዋት ሲነሳ ጥቂት ጭሶ የሚጠራ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ሲል፣ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሳያቋርጥ የሚጨስ ከሆነ ወደ ፋሻና ሲሊንደር ያመዝናል።

ፍርዱ የሚጠናከረው በኮምፕረሽን ልኬት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። አቃቂ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ጤነኛ ሞተርም ከመመሪያው ያነሰ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከፍታውን ያላሰበ ሜካኒክ ደህናውን ሞተር ይኮንናል። ስለዚህ ከፍታው ታስቦ፣ ሲሊንደሮቹም እርስ በርሳቸው መነጻጸር አለባቸው።

ከዚያ ሂሳቡ ይከተላል። ለምሳሌ በወር 3,000 ኪሎ ሜትር የሚሠራና ለየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 2 ሊትር የሚበላ ፒክአፕ በወር 6 ሊትር ይፈጃል። ጥገናው ይህን ወደ 1 ሊትር ቢያወርደው ቁጠባው 5 ሊትር ነው። ሙሉ ዕድሳቱ የ120 ሊትር ዘይት ዋጋ ቢጠይቅ ወጪው የሚመለሰው በ24 ወር ነው። ችግሩ የቫልቭ ሲል ብቻ ሆኖ የ20 ሊትር ዋጋ ቢበቃው ግን በ4 ወር ይመለሳል።

ኮምፕረሽኑ በእርግጥ የወረደ ሞተር ግን በዘይት ቁጠባ ብቻ አይዳኝም፤ ነዳጅ ያባክናል፣ ጉልበት ያጣል፣ ጭነት ይዞም መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። እንዲህ ያለውን ማቆየት የባሰ ኪሳራ ነው።

ገዢ ሊብሬ እንደሚጠይቅ ሁሉ የኮምፕረሽንና የዘይት ፍጆታ ልኬትንም ይጠይቅ። ሻጭም ለድርድር ሲቀርብ ልኬቱን ይዞ ይቅረብ። ያኔ የፒክአፑ ዋጋ የሚቆረጠው በጭስ ግምት መሆኑ ይቀራል።