ወንፊት ብቻውን አያጠራም

በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ባለው የይፋት ቆላ ማሾ ሲዘጋጅ የተመለከተ ሰው ሥራው በአንድ ወንፊት እንደማያልቅ ያውቃል። ምርቱ በሰፌድ ይበጠራል፤ በወንፊት ይነፋል። ፍሬውን የሚያህል ጠጠር ግን አብሮ ይቀራልና በመጨረሻ በዓይን እየታየ በእጅ ይለቀማል። ይህን ምሳሌ ያስታወሰኝ ከእርሻ የራቀ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ከሊኑክስ ከርነል ነፃ ያልሆኑ ክፍሎችን በፕሮግራም አማካይነት የማስወገድ ሥራ ነው።

ከርነል የሥርዓተ ክወናው አስኳል ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ ምንጩ ለሁሉም ክፍት ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እንዲያ አልነበረም። ለምሳሌ ቲጂ3 የተባለው የብሮድኮም ኔትወርክ ካርዶች ድራይቨር ረጅም የቁጥሮች ሰንጠረዥ ይዞ ነበር። ቁጥሮቹ በካርዱ ላይ ላለው ፕሮሰሰር የሚላኩ ትእዛዛት፣ ማለትም ፈርምዌር ናቸው። ማባዛት ተፈቅዷል፤ ምንጩ ስላልተሰጠ ግን አንብቦ መረዳትና ማሻሻል አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ከርነል 4.14 የእነዚህን ፋይሎች ማኅደር ከምንጩ አስወጥቷል፤ ሆኖም ብዙ ድራይቨሮች ዛሬም ፋይሎቹን ከውጭ ይጠይቃሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በላቲን አሜሪካ ነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ሥር የሚዘጋጀው ሊኑክስ-ሊብሬ ይህን ማጥራት በስክሪፕት ያከናውናል። ስክሪፕቱ ረጃጅም የቁጥር ተከታታዮችን ያድናል፤ ዝግ የሆኑትን ያወጣል፤ ድራይቨሩም ዝግ ፋይል እንዳይጠይቅ ያደርጋል። ነገር ግን በስክሪን ላይ የሚታዩ ፊደላት ቅርጽም ሆነ የመረጃን ስሕተት ለመፈተሽ የሚያገለግል ሰንጠረዥ እንዲሁ የቁጥር ተከታታይ ነው። በቤተ ሙከራችን እንደምናውቀው፣ የጠቋሚውን መነሻ ዝቅ ብናደርግ ጫጫታውን እንደ ምልክት እንቆጥራለን፤ ከፍ ብናደርግ ምልክቱ ያመልጠናል። በመሆኑም ስክሪፕቱ ሰዎች መርምረው «ይህ ፍሬ ነው» ያሉትን ዝርዝር ይዟል፤ ከርነሉ በታደሰ ቁጥርም ለቃሚዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ።

ማጥራቱ ዋጋ ያስከፍላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሸዋ ሮቢት ለዕረፍት በሄድሁበት ጊዜ የዘመዴን ልጅ ላፕቶፕ በዚህ ከርነል አስነሣሁለት። ሁሉም ሠራ፤ ገመድ አልባው ኔትወርክ ግን ጠፋ። ልጁም «ጋሼ፣ አጠሩት ወይስ አበላሹት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። የዴቢያን አባላትም እ.ኤ.አ. በ2022 በድምፅ ብልጫ ዝግ ፈርምዌር በመጫኛቸው እንዲካተት የወሰኑት ተመሳሳይ ችግር ስለገጠማቸው ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ተማሪው ኔትወርኩን አጥቶ ነፃነቱን ይጠብቅ አልልም፤ ጠጠሩን ሳያይ ይዋጥ ግን አልልም። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ በአገራችን ጥቂት ትምህርት ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ኤክስኦ ላፕቶፖች ታድለው ነበር። መሣሪያዎቹ በሊኑክስ የሚሠሩና በግልጽነታቸው የተመሰገኑ ቢሆኑም፣ የገመድ አልባ ኔትወርካቸው ማርቬል ሠራሽ ቺፕ በዝግ ፈርምዌር ይሠራ ነበር። ስንቶቻችን አወቅን?

ሌላ መንገድ መኖሩ ደግሞ ታይቷል። ኤቲኤች9ኬ የተባለው ድራይቨር የሚያንቀሳቅሳቸው የአቴሮስ ካርዶች ከኮምፒውተሩ የሚጫን ፈርምዌር አያሻቸውም፤ የዚሁ ቤተሰብ የዩኤስቢ ካርዶች ፈርምዌርም እ.ኤ.አ. በ2013 ከነምንጩ ተለቋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ግዥ ጨረታ ሲያወጡ «ኔትወርክ ካርዱ ያለ ዝግ ፈርምዌር ይሠራልን?» የሚል አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ጠጠሩን ከገበያ መመለስ ከቤት ከመልቀም ይቀላልና።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የሚቀል የቤት ሥራ አለ። የማጣሪያውን ስክሪፕት በአንድ ከርነል ምንጭ ላይ አስኪዱትና የሚያወጣውን ተመልከቱ። ከዚያም አንዱን ሰንጠረዥ መርጣችሁ ፍሬ ይሁን ጠጠር ራሳችሁ ፍረዱ። ወንፊት ሠሪዎች አሉ፤ ያነሱን ለቃሚዎች ናቸው።