ተቀድቷልና ድኗል?

የስኮትላንድን ባህላዊ ዘፈን በተመለከተ የሚዘወተር አንድ ማጽናኛ አለ፤ «ሁሉም ተቀድቷል፣ እንግዲህ አይጠፋም» የሚል። ማጽናኛው ግማሽ እውነት ነው። የተቀዳው ድምፅ ነውና። ዘፈን ግን የሚያወጣው አፍ፣ የሚቀበለው ሰው፣ የሚዘፈንበትም ምክንያት ይፈልጋል።

የምዕራብ ደሴቶችን ሴቶች የሥራ ዘፈን መመልከት ይበቃል። ከሸማኔ የወጣው የሱፍ ጨርቅ እንዲጠብቅና እንዲወፍር ሴቶቹ ረጅም ገበታ ከበው እርጥቡን ጨርቅ ይደበድቡት ነበር። የሚነከረው በቆየ ሽንት ነው፤ ሽታው አይጣል! አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ክንዳቸውም በዜማው ልክ ይወርዳል። ፋብሪካ መጣና ገበታው ቀረ። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ፌይ ሾው በ1929 ወደ ሳውዝ ዩስት ደሴት ሄዳ፣ ለ6 ዓመት ከሰዎቹ ጋር ኖራ፣ ጌሊክ ቋንቋቸውን ተምራ እነዚህን ዘፈኖች ሰበሰበች። ያወቀቻቸው እየዘፈነች ነው።

የተማረው ወገን በዚህ ጉዳይ አንዴ ክፉኛ ተሳስቷል። ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የተሰበሰቡ ጥንታዊ የትረካ ዘፈኖች በ1925 በመጽሐፍ ሲታተሙ በርዕሱ «የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች» ተባሉ። ዛፉ ረግፎ አልቋል ማለት ነው። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1953፣ ሃሚሽ ሄንደርሰን አበርዲን ውስጥ የጂኒ ሮበርትሰንን በር አንኳኳ። ሴትዮዋ «ትራቨለርስ» ከሚባሉት፣ ቆርቆሮ እየሠሩና በየእርሻው እየለቀሙ ከቦታ ቦታ ከሚዞሩት ቤተሰቦች ወገን ነበረች፤ የሰፈር ሰው የሚንቃቸው፣ ስማቸው በክፉ የሚነሳ። አለቀ ከተባለው ዘፈን ብዙው በእሷ አፍ ሕያው ሆኖ ተገኘ። ሄንደርሰን ብሌየርጎሪ ላይ በቤሪ ለቃሚዎች ድንኳን መካከል ቴፑን ተሸክሞ ሲዞርም የገጠመው ይኸው ነው። ዘፈኑ አልሞተም ነበር፤ ምሁራኑ የሚናቀውን ሰው በር ስላላንኳኩ የሞተ መሰላቸው።

ሄንደርሰን ይሠራ የነበረው በ1951 ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተቋቋመው የስኮትላንድ ጥናት ትምህርት ቤት ነው። ባልደረባው ካሉም ማክሊን በካንሰር ምክንያት አንድ ክንዱ ከተቆረጠ በኋላም፣ በ1960 እስኪሞት ድረስ ከመሰብሰብ አላረፈም። ይህን ልፋት ማንም አያቃልልም። ቴፑ ግን ለአሥርት ዓመታት የተቀመጠው ኤዲንብራ ነው። አያቷ የዘፈነችውን መስማት የፈለገች የደሴት ልጅ ባሕር መሻገር ነበረባት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! «ቶባር አን ዱዋልኪሽ»፣ ማለትም «የቅርስ ምንጭ» የተባለው ድረ ገጽ በ2010 ሲከፈት ነው ልጅቷ እቤቷ ቁጭ ብላ ያለ ክፍያ መስማት የቻለችው። ከመቅዳቱ ይልቅ መልሶ መስጠቱ ይህን ያህል ዘገየ።

«ለሁሉም ከተከፈተ ይበላሻል» የሚሉ አልጠፉም። ክርክሩ አዲስ አይደለም። ዋልተር ስኮት የድንበር አካባቢ ዘፈኖችን በ1802 ሲያሳትም የገጣሚው የጄምስ ሆግ እናት እንደ ወቀሰችው ልጇ ጽፏል፤ ዘፈኖቹ ለመዘፈን እንጂ ለመነበብ አልተሠሩም ነበር ቅሬታዋ። እውነቷን ነው። ስኮት ግጥሙን እያረመ አሳትሞታል። ሴትዮዋ የተቃወመችው ግን ዘፈኑ ለሰው መዳረሱን ሳይሆን ወረቀት ላይ መድረቁን ነው። እሷን እየጠቀሱ በር የሚዘጉ ሰዎች ክሷን ገልብጠውታል።

መፍራት ካስፈለገ የሚፈራው ሌላ ነው። በአልበም ሽፋን ላይ «ባህላዊ፣ አቀናባሪ እገሌ» ተብሎ ይጻፋል፤ የቅንብሩ ክፍያ ለእገሌ ይሄዳል፤ ዘፈኑን ከእናቷ ተቀብላ ለቴፕ የሰጠችው ሴት ስሟ እንኳ ላይነሳ ይችላል። ሕጋዊ ነው፤ ነውርነቱ ግን በሕግ አይሰረዝም። በየዓመቱ ለሮበርት በርንስ ልደት ብርጭቆ የሚያነሱ ሁሉ፣ በርንስ ለአሳታሚው ለጆርጅ ቶምሰን ዘፈን ሲልክ ገንዘብ አልቀበልም ማለቱን ቢያስታውሱ መልካም ነበር። ስም መጻፍ ደግሞ ሳንቲም አያስወጣም።

መጋራት ዘፈን እንደማያጠፋ የሚመሰክሩት ከአገር የወጡት ናቸው። መሬታቸው ለበግ ግጦሽ የተወሰደባቸውና ሌሎችም ብዙ ጌሊክ ተናጋሪዎች በካናዳዋ ኬፕ ብሬተን ደሴት ሰፈሩ፤ ቫዮሊናቸውንና የእግር ጭፈራቸውንም ይዘው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የቴሌቪዥን ፊልም «የኬፕ ብሬተን ቫዮሊን ተጫዋች እየጠፋ ነው» ብሎ ሲያረዳቸው ተቆጡ። በ1973 ግሌንዴል ላይ ከ100 በላይ ተጫዋቾች ቫዮሊናቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያች ደሴት አንጋፋው ባዲ ማክማስተር በኋላ ወደ ስኮትላንድ፣ ስካይ ደሴት ላይ ወዳለው የጌሊክ ኮሌጅ ሄዶ አስተምሯል። ስደተኞቹ ይዘውት የወጡትን አጨዋወት፣ አገር ቤት የቀሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ወንበር ስበው ከእሱ ተማሩ።