ጉርሻችሁ ቀኝ እጄን ወሰደው

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ቀኜ ጭኔ ላይ ተኝቷል።

ድሮ ከአሽዶድ ሰው ሲታመምብን ወደ ረሆቮት ወይ ወደ አሽቀሎን ነበር ሩጫው። ከ2017 ወዲህ ከተማችን አሱታ የሚባል የራሷ ሆስፒታል አላት፤ ነፍስ የማዳኑ መንገድ አጠረ። እኔም ነፍሴ ተርፋለች። እጄ የጠፋው ከዚያ በኋላ፣ በገዛ ቤቴ፣ በእናንተ ፍቅር ነው።

ስትሮክ የመታኝ ከሮሽ ሃሻና ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ለሺኩም ተጻፈልኝ። እናንተ ግን «አባባ ይረፉ፤ አሐሬይ ሃሐጊም እንወስድዎታለን» አላችሁ። ከዚያ «ስግድ ይለፍ» ተባለ። ቶፌስ 17ቱ ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ሐኑካ ደረሰ። እስከዚያ ውሃ አስታጠባችሁኝ፣ አጎረሳችሁኝ፣ ልነሳ ስል «ይቀመጡ» አላችሁኝ። አክብሮት ነው፤ አውቃለሁ። ግን እጅ ካልሠራ ሥራውን ይረሳል እኮ!

«የታመመ ማረፍ አለበት» ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። በ2015 የወጣው አቨርት የሚባለው ጥናት በ5 አገሮች 2104 ሕሙማንን ተመለከተ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ጀምረው ደጋግመው ያስነሷቸው ሕሙማን፣ ከ3 ወር በኋላ ሲታዩ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ያነሰ ነው የተሻላቸው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለሐኪሙ ተዉለት።

ታዲያ እረፍቱ እስከ ሐኑካ ነው እንዴ? በ2021 ከአሜሪካ ሌላ ጥናት ወጣ፤ 72 ሰዎች ነበሩበት። በ3ኛው ወር ገደማ 20 ሰዓት የእጅ ልምምድ የተጨመረላቸው ከሁሉ የበለጠ ተሻላቸው። በመጀመሪያው ወር የተጨመረላቸውም ተጠቅመዋል። 6 ወር ካለፈ በኋላ የተጨመረላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም። ጎንደር ሳለን በሰኔ ያልተዘራ መሬት በመስከረም ምን ይሰጠን ነበር? አንጎልም የዘር ወቅት አለው።

እናንተ ዕብራይስጡን ታውቃላችሁ፤ ስልክ ላይ መከራከር ታውቃላችሁ። ነገ እናታችሁን ቢመታት፣ ከሆስፒታል ሳትወጡ «ሺኩሙ በየትኛው ቀን ይጀምራል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከበዓል በኋላ» ካሏችሁ እሺ አትበሉ። ሐኪሟ ከፈቀደላት በኋላ ደግሞ እንጀራውን በደከመው እጇ ትቁረስ። ወጡ ልብሷ ላይ ይፍሰስ፤ ልብስ ይታጠባል።