ከናይሮቢ ጉዞ የተረፈ ሽልንግ፦ ማስቀመጥ ወይስ መመንዘር?

ከዌስትላንድስ ተነስተው ወደ ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚያመሩ መንገደኞች ብዙዎቹ የተረፋቸውን ሽልንግ “ለሚቀጥለው ጉዞ” ብለው ያስቀምጣሉ። የኬንያ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ግን ይህ ልማድ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያል።

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሰኔ 1/2019 አዳዲስ የገንዘብ ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ ለአሮጌው ባለ 1,000 ሽልንግ ኖት የተሰጠው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነበር። ዓላማው የተሸሸገ ሕገ ወጥ ገንዘብንና ሐሰተኛ ኖቶችን መዋጋት ነበር። መስከረም 30 ሲያልፍ ከ7 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ሳይመለስ ቀርቶ ተራ ወረቀት ሆነ። እንዲህ ያለው ቀነ ገደብ የሙሰኛውን ካዝና ከመንገደኛው ቦርሳ አይለይም። ኢትዮጵያም በ2020 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ስትቀይር የሰጠችው ጊዜ ሦስት ወር ነበር።

የብር ጉዳይ ደግሞ ይከፋል። ከአገር ውጭ በነፃነት አይመነዘርም፤ በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተተወ ወዲህም ከዶላር አንጻር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ሽልንግ በዚያው ዓመት መጠናከሩ እውነት ነው፤ ያስቀመጠ ሰው አትርፎ ይሆናል። ለጥቂት ኖቶች ግን ትርፉ ከስጋቱ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ኖቱን ከጉዞ በፊት እዚያው ዌስትላንድስ ባሉ የምንዛሪ ቢሮዎች መቀየር ይመረጣል። ሳንቲሙን የሚመነዝር ስለማይገኝ ለሻይ ቢውል ይሻላል።