ፊትዎን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከማዞርዎ በፊት

ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙ፣ ለያዮና ለአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ

አንድ ሰው ስልኩን ደግኖ «እስቲ ወደ ቀኝ ዞር ይበሉ፤ አሁን ወደ ግራ፤ ቀና ይበሉ፤ ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ» ካለዎት ተራ ፎቶ እያነሳዎት እንዳይመስልዎት። የፊትዎን ልክ እየወሰደ ነው። ልብስ ሰፊም ልክ ይወስዳል፤ የልብሱ ልክ ግን ሲወፍሩና ሲከሱ ይለወጣል። የስልክ ሚስጥር ቁጥር ቢሰረቅ በሌላ ይተካል። ፊት ቢሰረቅ በምን ይተካል?

ይህን የምለው መቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ፤ የምለውም ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ነው። አምና በኢንተርኔት ሥራ አገኘሁ። የሰው ፊት በቪዲዮ ቀርጾ መላክ፣ በአንድ ሰው ይህን ያህል ብር። ኮምፒውተር የሰው ፊት እንዲለይ እያስተማርን ነው አሉኝ። 14 ሰው ቀረጽኩ። አክስቴ አለችበት፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ቡና የሚያፈሉት አዴም አሉበት። «ለምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ለትምህርት ነው አዴ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም ነበር።

ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ፊታቸው ላይ ነጥብ አስቀምጥ ነበር። የዓይን ጥግ፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የከንፈር ዳርና ዳር፣ አገጭ። ፕሮግራሙ ቀድሞ በግምት ነጥቦቹን ይጥላል፤ የሳተውን እኔ አርማለሁ። አክስቴ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ተከናንባ ስለነበር አገጯን ነጠላው እጥፋት ላይ አስቀመጠው። ሳቄ መጣ፤ ነጥቡን ጎትቼ ቦታው ላይ መለስኩት። የገዛ አክስቴን ፊት ለማላውቀው ሰው አስተካክዬ ማስረከቤ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ዛሬ ማንም በነጻ የሚያገኘው የጉግል ፕሮግራም ሚዲያፓይፕ በአንድ ፊት ላይ 468 ነጥብ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ ነጥብ ከጎንና ከቁመት ሌላ ጥልቀትም አለው፤ አፍንጫ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ፣ ዓይን ምን ያህል እንደጎደጎደ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይፎን 10 ይህን ጥልቀት የሚለካው ከ30,000 በላይ የማይታዩ የብርሃን ነጥቦች ፊት ላይ በትኖ ነው። ርካሹ ስልክ ይህ መሣሪያ ባይኖረውም ፕሮግራሙ ከብዙ ፊቶች ስለተማረ ጥልቀቱን ይገምታል። ጭንቅላትዎን ወዲያና ወዲህ ሲያዞሩለት ደግሞ ግምቱ እየጠራ ይሄዳል።

ሌባ ይህን ለምን ይፈልገዋል? ፊት አይቶ የሚከፍት የባንክ መተግበሪያ በጠፍጣፋ ፎቶ እንዳይታለል «ዓይንዎን ያርገብግቡ፣ ዞር ይበሉ» ይላል። ስለዚህ ሌባው የሚፈልገው የሚዞረውን ፊትዎን ነው። ታይላንድ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፍ ያለ ገንዘብ በስልክ ሲተላለፍ ፊት እንዲረጋገጥ አዘዘ። አጭበርባሪዎችም የመንግሥት ሠራተኛ መስለው «ጡረታዎን በስልክ ያግኙ» የሚል መተግበሪያ አስጫኑ። መተግበሪያው ሰዉን ፈገግ በል፣ ዞር በል፣ አፍህን ክፈት እያለ ይቀርጻል፣ የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃል፣ የሚገባውንም አጭር መልእክት ይጠልፋል። ግሩፕ አይቢ የተባለው የሳይበር ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነው ያጋለጠው። በተሰረቀው ቪዲዮ ሐሰተኛ ፊት ሠርተው ባንክ እንደሚገቡበትም አስጠንቅቋል። ጡረታ የሚለውን ቃል አውጥታችሁ ሴፍቲኔት ወይም የማዳበሪያ ብድር የሚለውን አስገቡበትና እኛ ሰፈር መጣ ማለት ነው።

የዲጂታል መታወቂያውን ፋይዳን ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅሉ አደራ። ፋይዳ የ10 ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን አይሪስና የፊት ፎቶ የሚወስደው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ነው፤ ምዝገባውም በነጻ ነው። ተመዝገቡ። የምፈራው በፋይዳ ስም የሚመጣውን ነው። ቤት ለቤት ዞሮ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ በራሱ ስልክ ፊት የሚቀርጽ፣ ከዚያም 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥርና በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ ንገሩኝ የሚል ሰው ከገጠመዎ አይቀረጹ፤ መጀመሪያ ቀበሌ ሄደው ይጠይቁ።

ሁሉም ቀራጭ ሌባ ነው አልልም። የእኛን ዓይነት ፊት የሚፈልጉበት እውነተኛ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት የታወቁ ኩባንያዎች ፕሮግራሞች ፊት አይተው ጾታ ሲለዩ በጥቁር ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ ነበር። በነጭ ወንዶች ላይ ስህተቱ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። መቱ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ የሚማር ልጅ ይህን ላቃና ቢል እሰየው ነው፤ ግን ወረቀት ይዞ ይምጣ። ማን እንደሆነ፣ ቪዲዮው የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ የተጻፈበትና የሚፈረምበት ወረቀት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድን የመሰረዝና መረጃ እንዲጠፋ የመጠየቅ መብት ሰጥቶናል። የሕፃናትን ፊት ወላጅ ሳይፈቅድ በትምህርት ቤት ደጃፍ መቅረጽ ፈጽሞ አይገባም፤ ከረሜላ ቢታደልም።

«ድሃ አገር ማን ይሰማዋል» የሚሉኝ አሉ። በኬንያ ግን ተሰምቷል። ወርልድኮይን የተባለው ድርጅት ለሕዝቡ ዲጂታል ገንዘብ እየሰጠ ዓይን ሲቀርጽ ናይሮቢ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አስቆመው፤ በግንቦት 2025 ደግሞ ፍርድ ቤት የሰበሰበውን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲያጠፋ አዘዘ።

እኔ ከቀረጽኳቸው 14 ሰዎች አንዱ ከሆኑ ስምዎ በደብተሬ ላይ አለ። ቪዲዮው ይጥፋልን ብዬ ሥራውን ለሰጡኝ ሰዎች ለላክሁት የመጀመሪያ ደብዳቤ መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን የሁላችሁንም ፊርማ አስይዤ ልልከው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ክፍት ነው፤ ጎሬ ላላችሁት ሁለታችሁ ሰኞ ደብተሩን ይዤ ራሴ እመጣለሁ። አዴ ፈርመዋል። አክስቴ ግን «መጀመሪያ ምን እንደሚል አንብብልኝ» ብላ ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች፤ አሁንም እያሰበችበት ነው።