ታዛቢ የሚያዋርደው ማንን ነው?

ሰሞኑን በአንድ ጋዜጣ የወጣ ጽሑፍ «የውጭ ታዛቢ ሉዓላዊነትን ያዋርዳል» ይላል። የማንን ሉዓላዊነት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 8 ሉዓላዊ ሥልጣንን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው የሰጠው፤ ለመንግሥት አይደለም። ድምፄ በትክክል መቆጠሩን ሌላ ሰው ቢያይልኝ እኔ አልዋረድም።

በ1997ቱ ምርጫ የአውሮፓ ኅብረት የታዛቢዎች ቡድን በአና ጎሜሽ መሪነት መጣ፤ የካርተር ማዕከልም መጣ። ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ያሸነፈው ያኔ ነው። ከምርጫው በኋላ የፈሰሰውን ደም ታዛቢዎቹ አላስቆሙም፤ እዚህ ላይ የጋዜጣው ጸሐፊ ልክ ናቸው። ነገር ግን የአውሮፓው ቡድን ሂደቱ ዓለም አቀፍ መስፈርትን እንዳላሟላ በጽሑፍ አሰፈረ፤ መካድ የማይቻል ምስክርነት ቀረልን። በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ አልላከም፤ የወቅቱ ገዥ ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበሮች ወሰዱ። በ2013ም በቡድኑ ነፃነትና በመገናኛ መሣሪያዎች ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ስላልተስማማ ቀረ።

«የአገር ውስጥ ታዛቢ ይበቃል» የሚለው ክርክር ይበልጥ ያሳስበኛል። አዲስ አበባ፣ ዊንጌት ሰፈር ላይ ኮሮጆ ሲከፈት ያየውን የሚጽፍ ወጣት በማግስቱም የሚኖረው እዚሁ ዊንጌት ነው፤ መታወቂያ የሚያሳድሰውም ከዚሁ ወረዳ። ያን ሁሉ ሸክም ብቻውን ተሸከም ማለት ግፍ ነው። ከጎኑ አብሮት የሚፈርም የውጭ ታዛቢ ይቁምለት።